ዱቄትና ውሃ

ሥራነሽ ድስቱን አዘንብላ የተቀቀለውን ፓስታ ወንፊት ላይ ገለበጠችው። ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ወንፊቱን ቀስ እያደረገች ነቀነቀች፤ ከዚያ ገበታ ላይ ዘርግታ በቢላዋ አጫጭር አድርጋ ቆራረጠችው። በቅባ ኑግ ያቁላላችውን ሽንኩርትና በርበሬ አፍስሳ በእንጨት ማንኪያ አገላበጠችው። ሲበርድ እርስ በርሱ ስለሚለጣጠፍ ጣባውን ይዛ ፈጠን ብላ ወደ አባቷ ገባች።

ዐቢይ ጾም ከገባ ሠላሳኛው ቀን ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓትም አልፏል። አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ዳዊታቸውን በቃላቸው ደግመው ጨርሰው አጎዛው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላን ከመለየት በቀር አያይም። አስታጠበቻቸው፤ ባረኩና መጉረስ ጀመሩ። ሥራነሽ ፊት ለፊታቸው ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ጉሮሯቸውን ትመለከታለች። ማንቁርታቸው ከፍ ይላል፣ ለአፍታ ይቆማል፣ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል እሷም ምራቋን ትውጣለች።

«የአሁኑ ከኅዳሩ ይሻላል» አሉ። «ይለሰልሳል።»

«ስንዴው የአገራችን ስለሆነ ነው፣ አባዬ።»

ይህን ስትል እውነት መስሏት ነበር። ያን ቀን ቢጠይቋት እንዲያ ብላ ትመልስ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማሩበት ጉሮሮ መዘጋት የጀመረው ካቻምና ነው። እንጀራ ይለጠፍባቸዋል። አጥሚት መንገዱን ስቶ ፊታቸው እስኪጠቁር ያስላቸዋል። ገንፎ፣ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንች፣ ያልሞከረችው አልነበረም። ከስተው ጋቢያቸው አጥር ላይ የተሰጣ ይመስል ነበር። ሳያስቸግር የሚወርድላቸው ይህ የጣልያን ምግብ ብቻ ሆነ።

ምግቡን ወደ ቤት ያስገባችው ራሷ ናት። ባሏ ሲሞት ወደ አባቷ ተመልሳ ነበር። ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ዓመት ጭቃ ሹሙ ለጦር ሰፈሩ ውሃና እንጨት የሚያቀርቡ ሴቶችን ሲመለምል ስሟን አስገባው፤ የመኮንኖቹ ወጥ ቤት ደረሳት። መሪጌታ «እጅሽ ይሥራላቸው፤ አፍሽ አይማልላቸው» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

የወጥ ቤቱ አለቃ ኦሬስቴ የሚባል ፀጉሩ የሸበተ ጣልያን ነበር። አማርኛውን የለቀመው ከገበያ ስለሆነ ዋጋ የሚከራከር ይመስላል። በኅዳር፣ የነቢያት ጾም እንደገባ፣ በከረጢቱ ግርጌ የተሰባበረውን ፓስታ ሰብስቦ ሰጣት። ሥራነሽ ከመውሰዷ በፊት ምን እንዳለበት ጠየቀችው። የወረቀት ከረጢቱን እያሳያት «ዱቄትና ውሃ፤ ሌላ የለም» አላት። ቤት ስትደርስ አባቷም ከመባረካቸው በፊት ያንኑ ጠየቁ፤ «ምን አለበት?» አሉ። «ዱቄትና ውሃ» አለቻቸው። ያን ቀን አንድ ጣባ ሙሉ ሳያስሉ ጨረሱ። እሷ ደጅ ወጥታ አለቀሰች።

ኦሬስቴ ቲማቲምና ደረቅ አይብ ነበር የሚያደርግበት። በእሷ ቤት ቲማቲም የለም፤ አይቡም ይቅር፤ ስለዚህ በርበሬና ቅባ ኑግ ገባበት። መሪጌታን ረጅሙ ፓስታ ጢማቸው ላይ እየተንጠለጠለ ስላስቸገራቸው አሳጥራ ትቆርጠው ጀመር። አንዳንድ ቀን በሽሮ ትሠራዋለች። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ቀን ጣባው ውስጥ አጮልቀው አይተው፣ የመሪጌታ ቤት በጾም ትል ይቀቀላል አሉ። መሪጌታም ከውስጥ ሰምተው፣ ትሉ እኔን ሊበላ እየጠበቀ አይደል፣ ቀድሜ ልብላው ብዬ ነው አሏቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ለመንደሩ ሲያወሩ ሰነበቱ።

ከዚያ በጥር አርበኞች መንገዱን ዘጉት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ከረጢት ቀረ። ኦሬስቴ ሥራነሽ ሳትገባ በማለዳ ተነሥቶ በአገሩ ስንዴ ዱቄት ራሱ ያቦካ ጀመር። ስትደርስ ሊጡ ተዳምጦ፣ እንደ ጥብጣብ ተቆርጦ፣ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ታገኘዋለች። ቢጫ ነበር። የተራረፈውን ለአባቷ ትወስዳለች። እሷ የምትሠራው ወለሉን መጥረግ፣ አመዱንና ጥራጊውን አውጥታ መድፋት ነው።

ከዚያ ከሠላሳኛው ቀን ማግስት፣ ረቡዕ፣ ኦሬስቴ እጁ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠበቃት። እንድታቦካለት ለመናት። ዱቄቱን ገበቴው ላይ ነፍታ መሐሉን ጎድጎድ አደረገችና ውሃ ልታፈስ ቅሉን አነሣች። ኦሬስቴ በደኅናው እጁ ያዛት።

«ውሃ አይደለም» አለ። «እንቁላል። አሥር።»

ሥራነሽ ቅሉን አስቀመጠች። «ሁልጊዜ?»

«መንገዱ ከተዘጋ ጀምሮ። የእናንተ ዱቄት ያለ እንቁላል ይሰባበራል።»

አሥሩንም ሰበረች። አቦካች። እጇ ላይ የቀረውን ቢጫ ሦስት ጊዜ ታጠበች። ከዚያ እንደ ወትሮው ጥራጊውን ይዛ ወጣችና አመድ መድፊያው ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ክምሩ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተበትኗል፤ የትናንቱ፣ የሳምንቱ፣ ዝናብ ያላገኘው የወሩ። ሁሉንም ያወጣችው እሷ ናት። መኮንኖቹ ጠዋት የሚበሉት ይሆናል ትል ነበር ለራሷ። የመኮንኖቹን የጠዋት ትሪ የምታቀርበው ግን እሷው ነበረች፤ ትሪው ላይ ዳቦና ቡና እንጂ እንቁላል ኖሮ አያውቅም።

እንግዲህ አላወቅሁም ልትል አትችልም። ማለት የምትችለው አልጠየቅሁም ነው።

ያን ቀን ለአባቷ ፓስታው አልቋል አለቻቸው። እንጀራ በውሃ አርሳ አቀረበች፤ ሁለት ጉርሻ ሞክረው አስላቸውና ተዉት። ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። ዓርብ ውሃ ብቻ ጠጥተው ተኙ።

«ያ ጣልያን ተቀየመሽ እንዴ?» አሏት ከአጎዛቸው ላይ ሳይነሡ።

«መንገዱ ተዘግቶ ነው» አለች። ይህም እውነት ነበር፤ እንደ እውነት ግን አልቀለላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ ታረቀኝ ሄደች። ቄስ ታረቀኝ የመሪጌታ ደቀ መዝሙር የነበሩ፣ ሳቅ የሚቀናቸው ወፍራም ሰው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመው ሰሟት። መጀመሪያ፣ እኔ ዜማ ባፋለስሁ ቁጥር በመቋሚያ ይሉኝ የነበሩትን ሰው አሁን እንቁላል በልተዋል ልበላቸው ወይ አሉ። ሥራነሽ አልሳቀችም። የእሳቸውም ፊት ኮስተር አለ።

«የአንቺን ንስሐ ዛሬ እሰጥሻለሁ» አሉ። «የእሳቸውን ግን ሳያውቁት ልሰጥ አልችልም። ለትንሣኤ ሊቆርቡ ነው።»

«ከነገርኋቸው አይበሉም፣ አባቴ። ካልበሉ ይሞታሉ።»

«ካልነገርሻቸውስ?»

ቄስ ታረቀኝ መስቀላቸውን አሳለሟት። ከሆሳዕና በፊት ንገሪያቸው አሏት። ከዚያ ወዲያ ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ከኃጢአት የሚፈታ ፍትሐት አይሰጥም። እስከ ሆሳዕና ሁለት ሳምንት ነበራት።

ሰኞ ኦሬስቴን ያለ እንቁላል የሚሆንበት መንገድ የለም ወይ ስትል ጠየቀችው። መጀመሪያ ሳቀ። ለምን ብሎ ሲጠይቃት ነገረችው፤ ከቄሱ ሌላ ለማንም ያልነገረችውን ለዚህ ባዕድ እንዴት እንደተነፈሰች አታውቅም። ሳቁን ተወና የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ወጣት ሳለ በጦር መርከብ ምግብ አብሳይ ሆኖ ቻይና የሚባል አገር ሄዶ እንደነበር ነገራት። ጣልያኖች ከአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ሰፈር ይዘው ይኖሩ ነበር።

«እዚያም?» አለች ሥራነሽ።

«እዚያም» አለ፤ እጁን እያየ።

ከሰፈሩ ቅጥር ውጭ አንድ ሽማግሌ ሊጥ በእጁ እየጎተተ ይሸጣል። ቢላዋ የለውም፣ መዳመጫ የለውም። የሊጡን ሁለት ጫፍ ይዞ ይዘረጋዋል፣ ያጥፈዋል፣ ደግሞ ይዘረጋዋል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል፣ በመጨረሻ እንደ ፈትል ይቀጥናል። ሽማግሌው ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና የአመድ ውሃ እንጂ እንቁላል አያደርግበትም ነበር። አጠገቡ ሥጋም እንቁላልም የማይቀምሱ መነኮሳት ያሉበት ገዳም አለና ዋነኞቹ በላተኞች እነሱ ነበሩ። ኦሬስቴ በየቀኑ እየሄደ ይበላ ነበር። አንድ ቀን ከቤቱ የመጣለትን አይብ ከኪሱ አውጥቶ ቢያደርግበት፣ ሽማግሌው ሳህኑን ነጥቆ ለውሻ ሰጠበት። ሊጥ መጎተቱን ሊማርም ሞክሮ ነበር። ስድስተኛው እጥፋት ላይ ሁልጊዜ ይበጠስበታል፤ ሽማግሌውም ምግቡን በሚያወጣበት እንጨት እጁን ይመታዋል።

ሥራነሽ መነኮሳቱ ለማን እንደሚጾሙ ጠየቀችው። አያውቅም። ጠይቆ አያውቅም።

ያን ሳምንት መኮንኖቹ ከበሉ በኋላ እቃው እስኪታጠብ ባለው ጊዜ ያስተምራት ጀመር፤ እሱ በቃል፣ እሷ በእጅ። እስከዚያው አባቷን የተልባ ውሃ በጠብታ እየሰጠች አቆየቻቸው። የአመዱን ውሃ ከቤቷ ምድጃ አዘጋጀች። የወይራ እንጨት አመድ ዘፍዝፋ፣ እስኪጠራ አቆይታ፣ በነጠላ ቁራጭ አጠለለችው። ከጦር ሰፈሩ አመድ መድፊያ አንድ እፍኝ እንኳ ልትወስድ አልደፈረችም። ሊጡን ለረጅም ጊዜ አሽታ፣ ሸፍና አሳርፋ ስትጎትተው መጀመሪያ እንደ ተቆረጠ ገመድ ተበጣጠሰ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ታጠፈላት። በአምስተኛው አራት ጊዜ። ከዚያ አላለፈም፤ የጎጃም ስንዴ ከዚያ በላይ አይለጠጥም። የወጣው እንደ በገና አውታር የወፈረ፣ ከስንዝር የማይረዝም ነገር ሆነ። ኦሬስቴ በበርበሬና በቅባ ኑግ ቀምሶት ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሽማግሌውም እንዲሁ ያቃጥል ነበር አለ።

አንድ ነገር ግን አስደነገጣት። ሊጡ የአመዱ ውሃ ሲገባበት ቢጫ ሆነ። እንቁላል የገባበት መሰለ።

አዲሱን ለአባቷ ስታቀርብላቸው በዝግታ አላመጡ። ይህኛው ጠንከር ይላል፣ ግን ይወርዳል አሉ። ማንቁርታቸው ከፍ አለ፣ ቆመ፣ ዝቅ አለ።

ሥራነሽ ልትነግራቸው የነበረው ያን ቀን ነው። ንጹሕ ምግብ በእጇ ሳይገባ መንገር መግደል ነው ብላ ነበር ያዘገየችው። አሁን ምግቡ እጇ ገባ። እነሆ ግን አባቷ በሉ፣ ቀለማቸው ተመለሰ፣ ለማኅሌት ሄደው መቋሚያ ይዘው ቆሙ። አሁን መናገሩ ለማን ይጠቅማል የሚል ሐሳብ መጣባት፤ መጥቶም ተቀመጠ። ሰኞ ለማክሰኞ አስተላለፈችው፤ ማክሰኞ ለሐሙስ። ቄስ ታረቀኝን በሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ሆሳዕና ደረሰ።

የሆሳዕና ዕለት መሪጌታ ዘንባባቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ደስ ብሏቸው ነበር። ከእናቷ ጋር ከቆረቡ ወዲህ፣ እሷም ከሞተች በኋላ፣ ሠላሳ ሦስት ትንሣኤ አንዱም አላመለጣቸውም። የመቁረቢያ ቀሚሴንና ነጠላዬን ከሣጥን አውጥተሽ ነገ እጠቢልኝ አሏት። ሰኞ ጠዋት ወንዝ ወርዳ አጠበቻቸው። እንዶዱን አረፋ እስኪያወጣ ስታሸው፣ ስትጨምቅ፣ ስታሰጣ እጇ ይሠራ ነበር። ቀሚሱ አጥር ላይ ነጭ ሆኖ ሲንጠለጠል ግን ከዚያ ማለፍ አልቻለችም። ቤት ገብታ አጎዛው ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ሳልነግርዎ ያቆየሁት ነገር አለ።»

ነገረቻቸው። አጭር ነበር። መሪጌታ እጃቸው መቋሚያውን ፈልጎ ያዘ፤ ሊነሡ ግን አልሞከሩም።

«አንድ ጊዜ ጠይቄሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ የነገርሽኝ እውነት ነበር?»

«ያን ጊዜ እውነት ነበር።»

«መቼ ሐሰት ሆነ?»

«ቅርፊት መጥረግ ስጀምር። ጾሙ ሊገባ ሲል።»

«እሱን ሰውዬ ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅሁም።»

«ለምን?»

«ይወርድልዎ ነበር» አለች።

ውጭ ወይዘሮ ደብሪቱ ዶሮ እያባረሩ ይሰማል። መሪጌታ ቄስ ታረቀኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሬያቸው ከሆሳዕና በፊት ንገሪያቸው ብለውኝ ነበር አለች።

«ሐሙስ ብትነግሪኝ ይፈታኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ዓርብም ብትነግሪኝ። አሁን አልቆርብም።»

ሥራነሽ ግንባሯን መሬት አስነካች። እንድትነሣ አላሏትም፣ አትነሺም አላሏትም።

«እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁሽም» አሉ። «መለወጡን ምላሴ ነግሮኛል። ጣፍጦኝ ስለነበር ዝም አልሁ። ይህ የእኔ ነው። የአንቺን ግን አልወስድልሽም።»

ያን ቀን ምንም አልቀመሱም፤ ማክሰኞም። ሥራነሽም አልቀመሰችም፤ አላዩአትምና አላወቁም፣ እሷም አልነገረቻቸውም። ወደ ጦር ሰፈሩ ሄዳ ተመለሰች። ኦሬስቴ ፊቷን አይቶ የዚያን ቀን ቅርፊት ራሱ ይዞ ወጣ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ መሪጌታ ጠሯት።

«ከፊቴ አቡኪው» አሉ።

ገበቴውን አምጥታ ከአጎዛው ፊት አስቀመጠች።

«ምን አለበት?»

እጃቸውን ይዛ እያንዳንዱን አስነካቻቸው። «ዱቄት» አለች። «ጨው። ውሃ።» አራተኛውን ቅል ወደ አፍንጫቸው አስጠጋች። «የወይራ አመድ ውሃ፤ ከምድጃችን። ቢጫ ያደርገዋል፣ አባዬ። ሰው ቢያየው እንቁላል ይመስለዋል።»

«እኔ አላየውም» አሉ። «አንቺ ታይዋለሽ።»

አቦካች፣ አሸች፣ ሸፍና አሳረፈችው። ሲደርስ አንዱን ጫፍ አቀበለቻቸውና ሌላውን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። ሊጡ በሁለቱ መሐል ረዘመ፣ ሳሳ፣ እንደ ገመድ ተንጠለጠለ። አጠፉት። ደግሞ ጎተቱት። መሪጌታ እጥፋቱን በጣታቸው እየተከታተሉ በከንፈራቸው ይቆጥራሉ። አምስተኛው ላይ በእሳቸው በኩል ተበጠሰና ጫፉ እጃቸው ላይ ቀረ። ሊጡን በመዳፋቸው ጨብጠው ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ መልሰው ሰጧት።

ቀቅላ፣ አጠልላ፣ በቅባ ኑግና በበርበሬ ለውሳ አቀረበችላቸው። ባረኩ። ጎረሱ። ሥራነሽ እንደ ልማዷ ዱካው ላይ ልትቀመጥ ፈለገች፤ ጉሮሯቸውን ለማየት ግን አልደፈረችም። የእንጨት ማንኪያውን አስቀምጣ ወጣች።

ቀሚሱና ነጠላው ከሰኞ ጀምሮ አጥሩ ላይ ነበሩ። ማንም አላነሣቸውም፤ የመንገድ አቧራ ጫፋቸው ላይ አርፏል። አራገፈቻቸው። ደረቷ ላይ አስደግፋ እጅጌውን በእጅጌ፣ ጫፉን በጫፍ አገናኝታ አጠፈች፤ ነጠላውን በላዩ አጠፈች። ከውስጥ የአባቷ ሳል አልተሰማም። ይዛቸው ገባች፤ ሣጥኑን ከፍታ ከታች፣ ከነበሩበት ቦታ አስቀመጠቻቸውና ክዳኑን ዘጋች።